«ጋራንቲው እኛን አይመለከትም» ሲባሉ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ስልክና ላፕቶፕ ይመለከታሉ። ዕቃው ቢለያይም ጠያቂዎቹ የገጠማቸው ተመሳሳይ ነው። ሻጩ «ሰርቪስ ሂድ» ይላል፣ ሰርቪሱ ደግሞ ወደ ሻጩ ይመልሳል።

ጥያቄ፦ 43 ኢንች ቴሌቪዥን መርካቶ ከሚገኝ ሱቅ ገዛሁ። በ9ኛው ቀን ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረዱ ሦስት መስመሮች ወጡ። ይዤው ስመለስ ባለሱቁ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳየኝ። «ጋራንቲው የአስመጪው ነው፤ እኛን አይመለከትም» ብሎ ሸኘኝ። ምን ላድርግ? (አንባቢ ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ቀን ይቁጠሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን በ15 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ዕለት ጀምሮ ነው እንጂ ከተበላሸበት ዕለት አይደለም። ስለዚህ በ9ኛው ቀን ሲመለሱ በእጅዎ የቀረው 6 ቀን ብቻ ነበር። «ባለቤቱ ሐሙስ ይመጣል፣ ያኔ ብቅ በል» የሚባለው ቀጠሮ እነዚህን ቀኖች ስለሚበላ ጥያቄዎን ዛሬውኑ በጽሑፍ ያስገቡ።

ሕጉ የሚጠራው ሻጩን ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ደረሰኝ የቆረጠልዎት እሱ ስለሆነ ከአስመጪው ጋር ያለውን ሒሳብ ራሱ ይጨርስ። የአስመጪው ወይም የአምራቹ ጋራንቲ በዚህ ላይ የሚጨመር እንጂ ይህን የሚተካ አይደለም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ደግሞ ፎቶ ያንሱት። አዋጁ ነጋዴ በሕግ ከተጣለበት ግዴታ ራሱን ነጻ የሚያደርግ ማስታወቂያ እንዳይለጥፍ ስለሚከለክል ወረቀቱ የሚጠቅመው ለባለሱቁ ሳይሆን ለእርስዎ ነው።

ማመልከቻው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ስድብም ታሪክም አያስፈልገውም። ይህን ያህል ይበቃል፦ «በቀን ___ በደረሰኝ ቁጥር ___ ከሱቅዎ የገዛሁት፣ ሞዴሉ ___ ሲሪያል ቁጥሩ ___ የሆነ ቴሌቪዥን በቀን ___ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ወጥተውበታል። ዕቃው አልወደቀም፣ አልተከፈተም። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው እንዲለወጥልኝ ወይም የከፈልኩት ብር ___ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ኮፒ ያዘጋጁና አንዱ ላይ «ደርሶኛል» አስብለው ያስፈርሙ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ይዘው ሄደው ያስረክቡና ምስክሮቹ በእርስዎ ኮፒ ላይ ስማቸውንና ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ። በዚያው ቀን ጽሑፉን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ወደ ሱቁ ስልክ ይላኩ። የተላከበት ቀንና ሰዓት ተመዝግቦ ስለሚቀር በኋላ «አልሰማሁም» ማለት ይከብደዋል።

ባለሱቁ ቀጥሎ የሚያነሳው «አንተ ነህ የሰበርከው» የሚለው ነው። የተመታ ፓኔል (የስክሪኑ መስታወት ራሱ) የተመታበት ነጥብ አለው። ቴሌቪዥኑን አጥፍተው የስልክ ባትሪ መብራት በጎን በኩል ሲያበሩበት፣ ከአንድ ቦታ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር የሚበተን ስንጥቅ ወይም እንደፈሰሰ ቀለም ያለ ጥቁር እድፍ ይታያል። ምንም የመመታት ምልክት ሳይኖር ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በፓኔሉ ጠርዝ ላይ የተጣበቁት ስስ ሪባኖች (ጠፍጣፋ ገመዶች) ሲላቀቁ ወይም ምስሉን ለፓኔሉ የሚያከፋፍለው ቲ-ኮን የሚባለው ቦርድ ሲበላሽ ነው። ይህ የፋብሪካ ጉድለት ስለሆነ ጠርዙን በቅርብ ርቀት ፎቶ ያንሱት። ድምፅ እያለ ምስል ከጠፋብዎ ክፍሉን አጨልመው ባትሪ ወደ ስክሪኑ ያብሩ። ደብዛዛ ምስል ከታየዎት የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በምት የሚመጣ አይደለም።

ሻጩን ትክክል የሚያደርጉ ሁለት ስህተቶችም አሉ። አንዱ ቴሌቪዥኑን በባጃጅ አጋድሞ ማጓጓዝ ነው፤ ትልቅ ፓኔል ተጋድሞ በጉድጓድ መንገድ ሲሄድ ይለምጣል። ሌላው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከልኩ የረዘመ ብሎን መጠቀም ነው። የረዘመው ብሎን ውስጥ ገብቶ ቦርዱን ወይም ፓኔሉን ይወጋል። ከዚህ አንዱም ካልደረሰ «አልወደቀም፣ አልተከፈተም» የሚለውን ቃል ሳይፈሩ ይጻፉ። ካርቶኑንና ፎሙን እስከ 15ኛው ቀን አይጣሉ። የሰፈር ጠጋኝ የጀርባውን ክዳን እንዳይከፍተው፤ የተቀደደ የጋራንቲ ስቲከር ክርክሩን ከመጀመርዎ በፊት ያስጨርሰዋል።

ሻጩ እምቢ ካለ ማመልከቻውንና የደረሰኙን ኮፒ ይዘው ሱቁ ወደሚገኝበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። የሚሄዱት እርስዎ ወደሚኖሩበት ሳይሆን ሱቁ ወዳለበት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንድ ቀን ያባክናል። በክልል ከተሞችም ቅሬታ የሚቀርበው ለንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። በፌዴራል ደረጃ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ዞሯል።

15 ቀኑ ቢያልፍም ነገሩ አላበቃም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል (ቁጥር 2287)። ገዢው በበኩሉ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረበ መብቱን ያጣል (ቁጥር 2298)። «ትንሽ ልየውና» ብሎ ሦስት ወር መቆየት በዚህ መንገድም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ፍሪጄ 7 ወሩ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማቀዝቀዝ አቆመ። ሞተሩ በየደቂቃው «ጠቅ» ይላል እንጂ አይነሳም። የጋራንቲ ካርዱ ለሞተሩ 5 ዓመት ይላል፤ ሰርቪሱ ግን «ቮልቴጅ ነው ያቃጠለው፣ አይሸፈንም» አለ። (አንባቢ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ «ቮልቴጅ ነው» ማለት ተለክቶ የሚደረስበት ውጤት ነው፤ ሳይለካ ከተባለ ሰበብ ነው። ስለዚህ ሰርቪሱ ምን ለክቶ ምን እንዳገኘ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

የሚሰሙት «ጠቅታ» ሞተሩ ላይ የተሰካ ኦቨርሎድ የሚባል መከላከያ ነው። ሞተሩ ለመነሳት ሞክሮ ሲያቅተው ብዙ ከረንት ይስባል፣ መከላከያው ይግላል፣ ይቆርጠዋል፤ ሲበርድ እንደገና ይሞክራል። ሞተሩ ለምን መነሳት አቃተው ለሚለው ሦስት ዋና ምክንያቶች አሉ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ በቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ገና ስላልተስተካከለ ሞተሩ ግፊቱን አሸንፎ መዞር አይችልም፤ ለዚህ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዕረፍት ይፈልጋል። ወይም መብራቱ ሲመለስ ደክሞ፣ 160 ቮልት ገደማ ሆኖ መጥቷል። ወይም ደግሞ ከኦቨርሎዱ አጠገብ ያለው ማስነሻ ሪሌይ ተሰብሯል። ይህ ሦስተኛው ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ የሆነ ዕቃ ነው፤ ተነቅሎ ሲነቀነቅ እንደ ሽንብራ የሚንኳኳ ከሆነ ውስጡ ተሰብሯል። «ሞተሩ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት ይህ መታየት ነበረበት።

ሞተሩ በእርግጥ መቃጠሉ በኦም መለኪያ ይታወቃል። ተራ ሞተር ሦስት ፒን አለው። በሦስቱ መካከል ሲለካ ትልቁ ንባብ የሁለቱ ትናንሽ ንባቦች ድምር መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ክፍት ከሆነ (ምንም ንባብ ካልሰጠ)፣ ወይም ከፒኖቹ አንዱ ከሞተሩ ብረት ጋር ንባብ ከሰጠ ሞተሩ ሞቷል። ይህን መለካት ያለበት የጋራንቲው ሰርቪስ ነው፤ እርስዎ አጠገቡ ቆመው ቁጥሮቹ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ይዩ። (ኢንቨርተር ሞተር፣ ማለትም ፍጥነቱን በቦርድ የሚለዋውጥ ሞተር ያለው ፍሪጅ ላይ ይህ አይሠራም። እዚያ ሦስቱም ንባቦች እኩል ናቸው፤ በመብራት መለዋወጥ ቀድሞ የሚጎዳውም ሞተሩ ሳይሆን ሞተሩን የሚነዳው ቦርድ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «10 ዓመት» ብዙ ጊዜ ቦርዱን ስለማይጨምር ካርዱን ያንብቡ።)

በእርስዎ በኩል አንድ ነገር ያድርጉ። ፍሪጁ የሚሰካበትን ሶኬት በመልቲሜትር ለአምስት ቀን ይለኩ፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ እንዲሁም ሰው ሁሉ በሚያበስልበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት። በፍሪጁ ጀርባ ያለው ሰሌዳ የሚቀበለውን ቮልቴጅ ይናገራል፤ ብዙዎቹ ከ220 እስከ 240 ይላሉ። ንባብዎ ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ ከሆነ የሰርቪሱ አባባል መሠረት ያጣል። ምሽት ላይ 165 እያነበቡ ከሆነ ግን እውነቱን እንናገር፣ ክርክሩ ይከብድዎታል፤ የጋራንቲ ካርዶችም ይህን በግልጽ ያስቀራሉ። ያኔም ቢሆን ሪሌዩ ብቻ መሆኑ እንዲጣራ መጠየቅ ትርፍ አለው።

ሞተሩ በጋራንቲ ቢቀየርልዎት እንኳ «5 ዓመት ለሞተር» የሚለው የሚሸፍነው ሞተሩን ራሱን ነው። ጋዙ፣ ብየዳው፣ ሲስተሙ በተከፈተ ቁጥር መቀየር ያለበት ማድረቂያ ፊልተር፣ የባለሙያው ዋጋና ማጓጓዣው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ሥራው ሳይጀመር ዋጋውን በጽሑፍ ይወቁ። የጋዙ ዓይነትና ግራሙ ጀርባው ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል። አር 600ኤ የሚል ከሆነ መጠኑ በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ብቻ ነው፤ ጋዙም ተቀጣጣይ ነው። ባለሙያው በሚዛን ሳይለካ «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» ካለ ያስቁሙት።

ለሚቀጥለው፣ የማዘግያ ሰዓት ያለው የፍሪጅ መከላከያ ይግዙ። መብራት ሲመለስ ደቂቃዎች ቆይቶ ነው የሚያበራው። ቮልቴጁ የሚወርድበት ሰፈር ከሆነ ግን መከላከያ አይበቃም፤ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ሞተር ሲነሳ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ለተራ ፍሪጅ ከ1000 ቪኤ (የስታቢላይዘሩ የመሸከም አቅም መለኪያ) በታች አንመክርም። ከዚያው ስታቢላይዘር ላይ በዲቫይደር ምድጃ የሚሰካ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ጥሏል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» አለኝና ተስማማሁ። አሁን ዕቃው ተበላሸ። መብት አለኝ? (አንባቢ ከአዳማ)

መልስ፦ አለዎት፤ ግን አድክመውታል። ግዢው በሌላ ማስረጃም ሊረጋገጥ ይችላል፤ የቴሌብር ወይም የባንክ ማስተላለፊያ፣ የቴሌግራም የዋጋ ንግግር፣ አብሮዎት የነበረ ሰው። ችግሩ የባንክ ወረቀት ብር መተላለፉን እንጂ ምን ዕቃ እንደተገዛ አይናገርም። የቀነሰልዎት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ነው፤ እርስዎ ደግሞ በዚያ ልክ ማስረጃዎን ሸጠውለታል።

ደረሰኝ የያዙ አንባቢያንም ሁለት ነገር ይዩ። «ኤሌክትሮኒክስ 1» ብቻ የሚል ደረሰኝ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ስለማይለይ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ በጀርባው ተጽፎ በሱቁ ማኅተም ይመታ። ከከፈሉት ያነሰ ዋጋ የተጻፈበትም ከሆነ አይቀበሉት፤ ተመላሽ ሲጠየቅ የሚመለሰው የተጻፈው ነው። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ ከቆየ ጽሑፉ ይጠፋል። እንዲጠበቅ ብለው ላሚኔት ካስደረጉት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። በገዙበት ቀን ፎቶ ኮፒ ያስነሱት።

ጥያቄ፦ ስልኬ በራሱ ጠፋ። ሰርቪስ ወስጄው «ውሃ ገብቶታል» ብለው መለሱልኝ። ውሃ ነክቶት አያውቅም። ደግሞስ ውሃ የሚቋቋም፣ አይፒ 68 ነው ተብሎ አይደል የተሸጠልኝ? (አንባቢ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። አይፒ 68 የሚለካው በንጹሕ ውሃ፣ አምራቹ በወሰነው ጥልቀትና ደቂቃ፣ በአዲስ ስልክ ላይ ነው። የሚዘጋው ማሸጊያ ከጊዜ ጋር ይደክማል፤ አንድ ጊዜ ስክሪኑ ከተቀየረ ደግሞ እንደ ፋብሪካው አይመለስም። ሳሙናና እንፋሎትም ከውሃ የባሱ ናቸው። ስለዚህ ብዙ አምራቾች ስልኩን «ውሃ አይገባውም» ብለው እየሸጡም በውሃ የመጣን ጉዳት በጋራንቲ አይሸፍኑም። ደስ የማይል ነገር ነው፤ ግን ካርዱ ላይ አለ።

«ውሃ ገብቶታል» የሚለውን ግን ሊያሳዩዎት ይገባል። በብዙ ስልኮች የሲም ካርድ መግቢያው ውስጥ ትንሽ ነጭ ምልክት አለች፤ ውሃ ከነካት ወደ ቀይ ወይም ሮዝ ትለወጣለች። የሲሙን ትሪ አውጥተው በባትሪ ይዩና ስልኩን ከማስረከብዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። ነጭ ሆና ሳለ ውሃ ነው ካሉ፣ ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት የታየበትን ቦታ ፎቶ ይጠይቁ። ተቀይራ ከተገኘች ክርክሩ ብዙም አያዋጣም። (የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ የቀበራችሁ ሁሉ፣ ሩዙን ለወጥ አቆዩት፤ ዱቄቱ ቻርጅ መሰኪያውን ይዘጋል፣ ውሃውን ግን አያወጣም።)

ሰርቪስ ሲያስረክቡ የሚሰጥዎት ወረቀት ላይ ባለ 15 አሃዙ የአይኤምኢአይ ቁጥር (የስልኩ መለያ)፣ የብልሽቱ ዓይነትና የስልኩ መልክ መጻፉን ያረጋግጡ። ቁጥሩ *#06# ሲደውሉ ይወጣል፤ ስልኩ ካልበራ ካርቶኑ ላይ አለ። ሲረከቡም ያው ቁጥር መሆኑን ይዩ።

ጥያቄ፦ «ስላይትሊ ዩዝድ» (ጥቂት ያገለገለ) ላፕቶፕ በአንድ ወር የቃል ጋራንቲ ልገዛ ነው። ምን ልፈትሽ? (አንባቢ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የቃሉን ጋራንቲ ወረቀት ላይ ያውርዱት፤ ከነ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ባትሪውንና ስክሪኑን ይጨምር እንደሆነ ተጠቅሶ። ከዚያ ባትሪው ይታይ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ሻጩ እንዲያወጣልዎት ያድርጉና ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅም አሁን ሲሞላ ከሚይዘው ጋር ያነጻጽሩ። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ። ባዮሱ (ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) በፓስወርድ የተቆለፈ ወይም ሲነሳ የውጭ ድርጅት ስም ጠርቶ አካውንት የሚጠይቅ ላፕቶፕ በምንም ዋጋ አይግዙ፤ አንድ ቀን ከርቀት ሊቆለፍብዎት ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ «አዲስ ነው» ተብሎ አይፎን የሚገዛ ሰው ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብቶ የሞዴል ቁጥሩን የመጀመሪያ ፊደል ይይ። ኤም ከሆነ ለሽያጭ የወጣ አዲስ፣ ኤፍ ከሆነ የታደሰ፣ ኤን ከሆነ በጋራንቲ ለመተኪያ የተሰጠ ነው። የታደሰ ስልክ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ በአዲስ ዋጋ አይገዛም ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ፍራንክፈርት ነው። ከ10 ወር በፊት ስልክ ገዝቼ ደሴ ላለች እናቴ ላክሁላት። አሁን ቻርጅ አልቀበል ብሏል። ኢትዮጵያ ያለው ሰርቪስ «የዚህ አገር አይደለም» ብሎ መለሳት። (አንባቢ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ብዙ የስልክ ጋራንቲዎች በአገር የተወሰኑ ስለሆኑ ሰርቪሱ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። እርስዎ ግን ከአምራቹ ጋራንቲ የተለየ የ2 ዓመት የሕግ መብት በሻጩ ላይ አለዎት፤ ጀርመኖቹ ጌቬርላይስቱንግ የሚሉት ነው። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተገዙ ዕቃዎች ላይ በመጀመሪያው 12 ወር ውስጥ የታየ ጉድለት ከመነሻው እንደነበረ ይገመታል፤ አልነበረም የሚል ከሆነ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ከ12 ወር በኋላ ማስረዳቱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ስለዚህ የቀረዎት 2 ወር ነው። ጉድለቱን ለሻጩ ዛሬውኑ በኢሜይል ያስታውቁ፤ ስልኩ እስኪመጣ አይጠብቁ። ጠያቂው ደረሰኙ በስሙ ያለው ሰው ነው፤ እናትዎ አይደሉም።

ከዚያ በፊት ግን እናትዎ ሌላ ቻርጀርና ሌላ ገመድ ይሞክሩ፤ የቻርጅ መሰኪያውንም በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለው ያጽዱት። ከኪስና ከቦርሳ የሚገባ ጭርንቁስ ገመዱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል፤ ስንት ስልክ በዚህ ብቻ ሰርቪስ ገብቶ ወጥቷል።

ስልኩን ሰው ወደ ጀርመን ይዞት የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ አካውንቱ ከስልኩ ላይ ይውጣና ፎቶዎቹ ይገልበጡ፤ በተቆለፈ ስልክ ላይ ሻጩ ምንም አይሠራም። ስልኩ ጠፍቶ በእጅ ሻንጣ ይምጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ጀርባው አብጦ ስክሪኑን መግፋት ከጀመረ ግን በአውሮፕላን አይጫንም። ያኔ ለሻጩ ከሲሪያል ቁጥሩ ጋር ፎቶውን ልከው ዕቃው ሳይመለስ ምን መፍትሔ እንደሚሰጥዎት ይጠይቁ።